የአባቴ መርፌና የላይፕዚጎቹ ሁለት ቱቦዎች

ከናዝሬት የወጣሁበት ቀን ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጥ ነበር። አባቴ ያን ቀን ሥራ አልገቡም። ባትላሜራ ናቸው፤ የጅቡቲና የአሰብ መንገድ ያጎሳቆላቸውን የጭነት መኪኖች ቆርቆሮ የሚያቃኑ፣ ዝገት ፍቀው ዳግም እንዳይዝግ አንቲረስት የሚቀቡ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔንና እህቴን ጸሐይን ያሳደጉን በዚያ መዶሻ ነው። ስኳር እንዳለባቸው ካወቅን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። ፍሪጅ ስለሌለን ኢንሱሊኗ በላስቲክ ታስራ ውሃ የሞላ ገንቦ ውስጥ ነው የምትቀመጠው። እኔ እያየሁ አውጥተው ራሳቸውን ወጉና «ለእኔ አታስቢ፣ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። ስቄ ተለየኋቸው እንጂ አውቶቡስ ውስጥ እስከ ሞጆ አለቀስኩ።

መቼም የቀበሌያችን ሊቀመንበር የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉልኝ ያሉትን ሳልነግራችሁ አላልፍም።

«ምን ልትማሪ ነው?»

«ባዮኬሚስትሪ።»

«ኬሚስትሪ... ፈንጂ ነገር ነው?»

«አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ስለ ሰው ሰውነት ነው።»

«የሰው ሰውነትማ እዚህም ሞልቷል!» ብለው ማኅተሙን መቱልኝ።

ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚግ ገባሁ። ሰማዩ ወር ሙሉ ግራጫ ነው፤ የድንጋይ ከሰሉ ጭስ ጉሮሮ ይከረክራል። ዳቦው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ተበላሽቷል ብዬ ጣልኩት፣ በሁለተኛው እንጀራ እንጀራ አለኝና እየደጋገምኩ እበላው ጀመር። ሰዉ እጅ ጨብጦ ያልፋል፤ እንደ ሰፈራችን «አካም ጅርታ? ነጋዳ?» ተባብሎ፣ ከልጅ እስከ ከብት ጠይቆ መለያየት የለም። የማደሪያችን ኃላፊ ደግሞ አንድ ምሳ ሰዓት ላይ በሬን ደበደበችው።

«ምንድን ነው የሚቃጠለው?»

«ምንም አልተቃጠለም። ሽሮ ነው።»

«ሽሮ ማን ነው? እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው!»

ይህን ሁሉ ግን ላቦራቶሪው አስረሳኝ። ፕሮፌሰሯ ፀጉራቸው የነጣ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ደም የሚሰጥ ሲጠይቁ ክንዴን ዘረጋሁ። የደሜን ቀይ ሕዋሶች አጥበው በሁለት ቱቦ ከፈሉና አንዱ ላይ ቫይታሚን ኢ ጨመሩ። ከዚያ ቁስል የሚታጠብበትን ፐሮክሳይድ በጣም አቅጥነው ሁለቱም ላይ ጠብ አደረጉበት። ጠበቅን። ቫይታሚን በሌለው ቱቦ ሕዋሶቼ እየፈነዱ አለቁና ፈሳሹ እንደ ቀይ ሻይ ጠራ። ሌላኛው እንደ ደፈረሰ ቀረ፤ ሕዋሶቹ አልተነኩም! ወይ ጉድ! የራሴ ደም እኮ ነው፤ ከአንድ ክንድ የወጣ!

ሰውነታችን ምግብ የሚያቃጥለው በኦክስጅን ነው፣ አሉን። በዚያ መሃል ጥቂቱ ያፈተልክና ፍሪ ራዲካል የሚባል ቀማኛ ይወጣዋል፤ ያገኘውን እየነጠቀ የሕዋስን ግድግዳ ይበሳል። ሰውነት የራሱ መከላከያ አለው፤ መከላከያው ሲሸነፍ በጀርመንኛ ኦክሲዳቲፈር ሽትሬስ ይሉታል። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ይኼ ጥፋት ይብሳል፣ ነርቭና ቀጫጭን የደም ሥር የሚጎዳውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም፣ አሉ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በሕይወት የሚያቆየን አየር ራሱ ቀስ እያለ ይበላናል ማለት ነው! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ተደንቄ አላውቅም።

ፕሮፌሰሯ ቱቦውን መልሰው እያስቀመጡ «ይኼ ቱቦ ነው፤ ሰው አይደለም» ብለው ነበር። ሰምቻለሁ። ልቤ ግን ናዝሬት ሄዷል።

የዚያኑ ቀን ለአባቴ ጻፍኩ፦ «አባባ፣ የስኳር ጉዳት ማለት ውስጥ ውስጡን የሚሄድ ዝገት ነው። ይህ ክኒን ደግሞ አንቲረስት ነው።» ለባትላሜራ ከዚህ የተሻለ ምን ይባላል? አንድ ካርቶን ቫይታሚን ኢ ገዝቼ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ለሚመለስ ተማሪ ሰጠሁት። የፕሮፌሰሯን ማስጠንቀቂያ ሳልጽፍ ቀረሁ። እንዲያውም በራሴ ኮርቼ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጸሐይ ደብዳቤ መጣ። እሷ አርሲ ነገሌ ታስተምራለች፤ ለፋሲካ ቤት ሄዳ ነበር። «አባባ መርፌውን ከተዉት ከወር በላይ ሆኗቸዋል» ትላለች። «ብቆጣቸው፣ ‹ልጄ አንቲረስት ልካልኛለች፤ አንዴ ከተቀባ በኋላ ማን መልሶ በመርፌ ይቧጥጠዋል?› አሉኝ። ከስተዋል። ውሃ ጥሙ አላስቀምጥ ብሏቸዋል።» ደብዳቤው እጄ እስኪገባ ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። በገዛ እጄ የጻፍኩት ቃል አባቴን ሊገድልብኝ ነው ብዬ ጮህኩ።

ወደ ፖስታ ቤት ሮጥኩ። የስልክ ክፍሏ ሴትዮ መዝገቧን አገላበጠች።

«ናዝሬት እስራኤል ነው። እዚያ መስመር የለንም።»

«የእኛ ናዝሬት ነው፣ እመቤቴ! ኢትዮጵያ!»

«ሁለት ናዝሬት የለም።»

በካርታ አሳመንኳት። ናዝሬት ያለው ቴሌ የጥሪ ወረቀት ልኮ አባቴን እስኪያስመጣ ደግሞ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።

«አባባ፣ መርፌውን ለምን ተዉት?»

«አንቲረስት ልከሽልኝ የለ?»

«ተሳስቼ ነው፣ አባባ! በቱቦ ነው ያየሁት፤ በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ገና አልታወቀም። ክኒኑ መርፌውን አይተካም። ዛሬውኑ ካልጀመሩ ይሞቱብኛል!»

 

«በክኒንሽ አላመካኝ» አሉ። «መርፌው ላይ ያለው የልክ መስመር አይታየኝም፤ ከጠፋኝ ቆየ። አንድ ቀን አብዝቼ ወግቼ ጋራዥ ውስጥ ወደቅሁ። ከዚያ ወዲያ ፈራሁ። ክኒኑ ሲመጣ ተገላገልኩ አልኩ። ደብዳቤሽንም ያነበበችልኝ ጎረቤታችን ጫልቱ ናት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬሽ፣ ትምህርትሽን ጥለሽ እንድትመጪ?»

እያለቀስኩ ተቆጣኋቸው። አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንዲሄዱ፣ ከዚያም ጫልቱ ልኩን እያየች እንድትቀዳላቸው ለመንኳቸው። በእናቴ ነፍስ ማሉልኝ። ሴትዮዋ ሰዓት አለቀ ብላ መስታወቱን ታንኳኳለች።

«ቆይ ቆይ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ» አሉ አባቴ። «ያ ዝገት የምትይው ዓይንም ይበላል?»

«ይበላል ነው የሚሉት፣ አባባ።»

«የበላውንስ ትመልሱታላችሁ?»

«ገና ነው። እየሞከርን ነው።»

«ታዲያ እዚህ ስልክ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ። «ቶሎ በሉ እንጂ!»