ሦስቴ የቆመው ቤታችን

ሰሞኑን ዝናቡ አላስወጣ ስላለኝ ፍኖተ ሰላም ባለው የልጄ ቤት በረንዳ ላይ እውላለሁ። የልጅ ልጄ የሒሳብ ፈተና ደርሶባት አጠገቤ ተቀምጣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታጠናለች። «ኤክስ እኩል ይሆናል አራት ማለት ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ነው። በላዩ ያሉት ነጥቦች ሁሉ የመጀመሪያ ቁጥራቸው አራት ነው» ትላለች፤ ደግሞ መልሳ ትለዋለች። ይህን እኔ በትምህርት ቤት አልተማርኩትም። የተማርኩት ቡሬ አጠገብ፣ ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ፣ በትከሻዬ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ይህ ያለሁበት ከተማ እንኳ ገና ውጅግራ ነበር የሚባለው። እናቴ ቀደም ብላ ሞታለች፣ ታላቅ ወንድሜ ጫካ ገብቷል፤ ቤት የቀረነው አባቴና እኔ ነን። ጣሊያን ከቡሬ ወጣ ብሎ ምሽግ ሠራና የስልክ ሽቦ ሊዘረጋ ችካል ይተክል ጀመር። ሽቦው በሚያልፍበት ቤትም ዛፍም አይቆምም ተባለ። አንዱ ችካል ከደጃችን አረፈ። አፍርሱ ተባልን።

ጤፉ ገና አልተወቃም ነበር። አባቴ «ከነዚህ ሰዎች መራቅ ነው» ብለው ሽቅብ፣ ከጉብታው ላይ ቦታ መረጡ። ምሰሶውን ነቀልን፣ ማገሩን ፈታን፣ ወራጁን አንድ በአንድ ተሸክመን ያንን ዳገት ስንወጣ በጋው አለቀ። አሮጌው ሣር በእጃችን ላይ እየተሰባበረ አዲስ ማጨድ ግድ ሆነ። የዳጉሳ እንጀራ በሰናፍጭ እንበላና እንደ ግንድ እንጋደማለን፤ የማወራበት ጉልበት እንኳ አልነበረኝም። በሚያዝያ ምርጊቱ ደረቀ። ብዙም ሳይቆዩ፣ ሥራቸውን አቁመው የከረሙት ችካል ተካዮች ዳገቱን ይዘው መጡና ከአዲሱ በራችን ፊት አንድ ችካል መቱ።

አባቴ በትራቸውን ተመርኩዘው ሲያዩት ቆዩና መሬት ላይ ተቀመጡ። ከነጮቹ ጋር ሚሲዮን ቤት የተማረ አንድ ከሲታ አስተርጓሚ ነበር፤ እሱን ጠሩት።

«ልጄ፣ ምን በድለናቸው ነው የሚከተሉን?»

«አልተከተሏችሁም፣ አባቴ። እናንተ ናችሁ ከመስመሩ ያልወጣችሁት።»

ቁጢጥ ብሎ አፈሩ ላይ በእንጨት ጫረ። «ምሽጉ እዚህ ነው እንበል። በገበያው መንገድ ወደ ምሥራቅ አራት የመለኪያ ገመድ ይቆጠራል፤ ከዚያ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። የፊተኛው ቤታችሁ ወደ ምሥራቅ አራት፣ ወደ ሰሜን ሁለት ላይ ነበር። ይኸኛው ወደ ምሥራቅ አራት፣ ወደ ሰሜን አምስት። የለወጣችሁት ሁለተኛውን ቁጥር ነው። መስመሩ እሱን አይጠይቅም፤ የመጀመሪያው አራት ከሆነ፣ የትም ይሁን የት የሱ ነው።»

«ቁልቁልስ ብንወርድ?»

«ወንዙ ድረስ ቢወርዱም አራት ነዎት። ወደ ጎን ፈቀቅ ይበሉ እንጂ፤ ያኔ የመጀመሪያው ይለወጣል።»

ገባኝ። ያ ሁሉ የተሸከምነው ወራጅ አንድ ስንዝር እንኳ ከመስመሩ አላወጣንም። አባቴ ግን ወደ ምሥራቁ ድንበራችን ዞረው አዩ። ርስታችን ከጉብታው እስከ ወንዙ የተዘረጋ ጠባብ ቁራጭ ነው፤ በምዕራብ በኩል ገደል፣ በምሥራቅ በኩል የአያ ታከለ መሬት። አያ ታከለ የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው። በዚያው ድንበር ተጣልተው ለዓመት በዓል እንኳ አይጠያየቁም ነበር።

ደመናው ወርዶ ግንቦት ሲጋመስ አባቴ ድንጋይ ትከሻቸው ላይ አደረጉ፤ በኛ አገር ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደዚያ ነው የሚሄደው። «ይስጡኝ፣ እኔ ልሸከምልዎ» አልኳቸው።

«ጠቡ የኔ ነው» አሉና ቀደሙኝ።

አያ ታከለ ያርሱ ነበር። ሲያዩን በሬዎቹን አቆሙ። አባቴ ጎንበስ ብለው ቆሙ። እኔ ድንጋዩ ሊጥላቸው ነው ብዬ ስሰጋ፣ አያ ታከለ ጅራፋቸውን ጣሉ።

«ደክሞሃል» አሏቸው።

«ደክሞኛል፣ ታከለ።»

አያ ታከለ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላቸው። ስለ ድንበሩ ሳያነሡ ከእርሻቸው ዳር የቤት ቦታ አሳዩን። በማግሥቱ የአያ ታከለ ልጆች መጡልን፤ ምሰሶውን በሬዎቹ ጎተቱት፤ ክረምቱ ሳይጠና ቤቱ ለሦስተኛ ጊዜ ቆመ። ሽቦውም ተዘርግቶ በጉብታው አለፈ። አርበኞቹ ስንት ጊዜ እንደበጠሱት እግዜር ይወቀው። ወንድሜ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በደኅና ገባ፤ አባታችንን ግን አላገኛቸውም። ቤቱ የቆመበት ክረምት እንዳለፈ፣ በመስቀል ሰሞን ቀብረናቸው ነበር።

አሁን እኔ አባቴን በዕድሜ በልጫቸዋለሁ። ጉልበቴም ደረጃ አይወድም። ለብዙ ዘመን የገደላቸው ያ ዳገት ነው ስል ኖሬያለሁ፤ ልጅቷ ስታጠና እየሰማሁ ግን የዚያ ክረምት ነገር መጣብኝ። ዝናቡ ሲያባራ አያ ታከለ እሸት በቆሎ ይዘው ይመጡ ነበር። ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው እየጠበሱ፣ ስለ ልጅነታቸው እያወሩ ይስቃሉ። አባቴ እንደዚያ ሲስቁ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ሸክሙ አደከማቸው፣ አልክድም፤ ግን ከአጎታቸው ልጅ ጋር ተኳርፈው የኖሩበት ዘመን ከወራጁ ሁሉ ሳይከብዳቸው አልቀረም። ያንን አንድ ክረምት ቀሏቸው ኖሩ።