ያልሰጠሁት ትእዛዝ

ከችሎት ሲወስዱኝ ረፋድ ነበር። ሁለት የታጠቁ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው፣ የጀመርኩትን ብይን ጸሐፊውን አስጽፌ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ጥፋቴን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከሳምንት በፊት ማስረጃ ያልቀረበበትን አንድ አስተማሪ በነፃ አሰናብቼ ነበር። ሰውየውም በዚያው ቀን ከአዋሳ ወጥቷል።

ያሰሩኝ ሐይቁ አጠገብ ካለ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። የበቆሎ ብናኝና የዓሣ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ከጥግ አንድ ሰው ብድግ አለ። አወቅሁት። በድንበር ጠብ ጎረቤቱን ፈንክቶ ሁለት ዓመት የፈረድኩበት ገበሬ ነው። ቅጣቱን ጨርሶ ከወጣ በኋላ ደግሞ «ሽፍታ አብልተሃል» ብለው አስገብተውታል።

«ዳኛው፣ እዚህ ይቀመጡ» አለኝና ከሰሌኑ ግማሹን ለቀቀልኝ።

በአራተኛው ቀን አንድ የአብዮቱ ካድሬ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት አለ፤ አስተማሪው ተይዞ እንዲታሰር የሚያዝ ነው። የተጻፈበት ቀን እኔ ከመታሰሬ በፊት ነው፤ በችሎቴ ሳለሁ ያዘዝኩት እንዲመስል።

«ፈርም። ለምሳ ቤትህ ትደርሳለህ።»

«ሰውየው አለ?»

«የት?»

«እዚህ። ልስማው።»

ሳቀ። «እሱን እኛ እንሰማዋለን። አንተ ፈርም።»

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ሳምንታት ቀርተዋታል። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ከጽሑፉ ግርጌ «ተከሳሹ ቀርቦ ስላልተሰማ ይህ ትእዛዝ አልተሰጠም» ብዬ ጻፍኩ፤ የዕለቱን ቀን አስገባሁና ፈረምኩ።

ካድሬው ሁለቴ አነበበው።

«አንተ ሰውዬ፣ የት ያለህ መስሎሃል?»

አልመታኝም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ጠባቂውን «መልሰው» አለው።

ገበሬው «ምን አሉዎት?» ሲለኝ ሁሉንም ነገርኩት።

«ያኔ ሲፈርዱብኝ ጠልቼዎት ነበር» አለኝ። «ግን ተናግሬ እስክጨርስ ሰምተውኛል። እዚህ ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።»

«እንግዲያው ለኔ ንገረኝ» አልኩት።

ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ነገረኝ፤ ስለ በሬዎቹ፣ አንድ ማታ መጥተው ውሃ ስለለመኑት የማያውቃቸው ሰዎች፣ ስለ ሚስቱ። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጥኩትም።

አሥራ አራት ወር ታሰርኩ። ልጄን ያየኋት ወፌ ቆመች ስትል ነው። ገበሬውን ከእኔ በፊት ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዱት፤ መጨረሻውን አላወቅሁም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ወደ ዳኝነት ተመለስኩ፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠራሁ። ጠበቆቹ «የሱ ችሎት ቀርፋፋ ነው» እያሉ ያሙኝ እንደነበር አውቃለሁ።

አልዋሹም። ተከሳሽ ሲናገር ሰዓት አላይም ነበር።