ፊሽካውን ያልተቀበሉት ሰው

የመዋኛ ገንዳው ትኬት ቆራጭ ዛሬም ዓይኔ ላይ አሉ። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀን እንኳ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ወንበራቸውን ከውሃው አርቀው ግድግዳ ሥር ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ዋናተኞቹን የሚጠብቀው ሠራተኛ ሥራውን ለቀቀና ሥራ አስኪያጁ ፊሽካ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠባቂው እርስዎ ነዎት።»

«ሳልሠለጥን? ልጄ፣ ሰው ሲሰጥም ፊሽካ ብነፋበት ደንግጦ ይወጣል?»

«እንቢ ካሉ ሥራዎን ያጣሉ!»

«ልጣዋ! በትኬት ብሳሳት የሚበላሸው ወረቀት ነው።»

ገንዳው ውስጥ ያለነው ሁሉ ሳቅን። ሥራ አስኪያጁም ሳቁን እየታገለ፣ «ለመሆኑ ዋና ጭራሽ አይችሉም?» አላቸው።

«ዋና የሚችለውስ ታናሽ ወንድሜ ነበር» አሉ፣ ውሃውን ሳያዩ።

አንድ በአንድ ከገንዳው ወጣን።