ትንሹ ይጀምር

ጠዋት 12፡20፣ ፉሪ

ገና ሲነጋጋ ከቤት ወጣሁ። ሌሊት የጣለው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል፤ ከአዳዲሶቹ ፎቆች ሥር የተከመረው አሸዋ ግማሹ አስፋልቱ ላይ ፈሷል። የምሄደው መካኒሳ አቦ አካባቢ ወዳለ አንድ የሙያ ማሰልጠኛ ነው። ሥራዬ መምህራንን ስለ ማስተማር ማሰልጠን ነው። አንዱ ተነስቶ አሥር ደቂቃ ያስተምራል፣ ባልደረቦቹ ተማሪ ሆነው ይከታተላሉ፣ ከዚያ አስተያየት ይሰጣሉ። ሲያወሩት ቀላል ነው።

ባለፈው ዙር ግን አላማረልኝም። ስንዱ የምትባል የልብስ ስፌት መምህርት አሥሩንም ደቂቃ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ አስተማረች። በዕድሜ ትልቁ፣ የእንጨት ሥራ መምህሩ አቶ ወርቁ፣ እንደ ወጉ ቀድመው «ጎበዝ፣ ጥሩ ነው» አሉ። ሌላው ሁሉ ያንኑ ደገመ። እኔም ጉድለቷን እያየሁ «በርቺ» ብዬ አለፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቿ «አይገባንም» ብለው አመለከቱ፤ ስንዱ ከክፍል ተነስታ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበች። ዛሬ የማሰልጠኛው ዲን ራሳቸው ተቀምጠው ያዩዋታል። ወይ ክፍሏ ይመለስላታል፣ ወይ እዚያው ትቀራለች።

1፡10፣ ለቡ መብራት ኃይል

መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲያችን ቆሟል። አጠገቤ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ አዛውንት የተጣሉ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ እየሄዱ ነው።

«ነገሩን የሚጀምሩት እርስዎ ነዎት፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«እኔማ መጨረሻ ነኝ። እኔ ቀድሜ ከፈረድኩ ሌላው ምን ይላል? ‹ልክ ነው› ይላላ። ትንሹ ይጀምራል፣ እኔ እዘጋለሁ።»

ስንት ዓመት ስልጠና ስመራ ይህን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። አፈርኩ።

2፡15፣ መካኒሳ አቦ

ከታክሲ ወርጄ ሁለት ሳምቡሳ በላሁ፤ ዘይቱ ከረር ያለ ነው፣ ምስሩ ግን ጥሩ። ግቢው በር ላይ አቶ ወርቁን ለብቻ ጠርቼ ዛሬ የመጨረሻው ተናጋሪ እንዲሆኑ ለመንኳቸው። ይቀየማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

«እንግዲህ ለአንድ ቀን ጆሮ ልሁና» አሉ።

መጀመሪያ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከሁሉም ታናሽ የሆነችው ሐናን የምትባል የኮምፒውተር መምህርት አስተያየት መስጠት ጀመረች፦ «ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ግን እኛ አፋችንን ሳንከፍት ራስዎ ይመልሱታል።» ተናደድኩ። ልክ ነበረች።

4፡30፣ የስልጠናው ክፍል

የስንዱ ተራ። የሸሚዝ እጅጌ ልኬት። ማርከሯን አነሳች፣ ዞረች፣ ዞራ ቀረች። ዲኑ ጥግ ተቀምጠው ይጽፋሉ።

«ስዕሉ ያምራል፣ ስንዱ» አለች ሐናን። «እኔ ግን ጀርባሽን ነው ያየሁት። ልኬቱን ስትናገሪ አልሰማሁሽም።»

«በርቺ» ምላሴ ላይ መጣች፤ ዋጥኳት። ሌሎቹም በየተራ ቀጠሉ፣ አቶ ወርቁ ዘጉ።

«ባለፈውም እንዲሁ ነበር፣ ልጄ። ዝም አልኩሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የኔም ነው» አልኩ።

ስንዱ ማርከሯን አስቀመጠች። «አምስት ወር ግምጃ ቤት ክር ስቆጥር፣ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም ነበር።»

ማንም ቀና ብሎ አላያትም። እሷ ግን እንደገና ላስተምር አለች። እጅጌውን አስቀድማ ትልቅ ወረቀት ላይ ስላ ግድግዳው ላይ ለጠፈች፣ ወደኛ ዞረች፣ ልኬቱን እያሳየች ጠየቀችን፣ መልሳችንንም ጠበቀች። ዲኑ ደብተራቸውን አጥፈው ምንም ሳይሉ ወጡ።

10፡40፣ የታክሲ ሰልፍ

ስንዱና እኔ ወደ ፉሪ የሚሄድ ታክሲ እየጠበቅን ነው። ሰልፉ ረጅም ነው።

«ክፍሌን ይመልሱልኛል ብለው ያስባሉ?»

«አይዞሽ» ልላት ነበር። «አላውቅም» አልኳት። «ሁለተኛው ትምህርትሽ ግን ገብቶኛል። አሁን እጅጌ መቁረጥ እችላለሁ።»

«ይሄን አምናለሁ» አለችኝ።