ማሳውን ፈትሹ

ከገሳይ በላይ፣ በጉና በኩል፣ አንድ ራሰ በራ ኮረብታ ነበረ። «ያዙ» ተብለን ያዝነው። ብዙም ሳንቆይ «ልቀቁ» ተባልን። ለምን እንደያዝነው የነገረን የለም፤ ለምን እንደምንለቀውም እንዲሁ። እናንተ ልጆች ጦርነት ሲባል ተኩስ ብቻ ይመስላችኋል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ተኩሱ አይደለም፤ አልነሣም ያለች አንዲት መኪና ናት።

ኮረብታው ላይ ሳለን፣ ጎሕ ሲቀድ ጠላቶቻችን መቱን። መትረየስ ነበራቸው። ሁለት ጓዶቻችን እዚያው ምሽግ ውስጥ ወደቁ። ሾፌራችን ጥይት ሲያቀብል ተመታ፤ አንድ ቃል ሳይናገር አለፈ። ገመቹ ደግሞ ጭኑን ቆሰለ። ገመቹ የወለጋ ገበሬ ልጅ ነው፤ ስንቅ ባለቀብን ቀን እንኳ የሚያስቀን ሰው። ቁስሉን በጨርቅ ጥፍር አድርገን አሰርነው፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ሐኪም ያለው ደብረ ታቦር ነው። በመኪና ከደረሰ ይተርፋል፤ በቃሬዛ ከሆነ አይተርፍም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሱም ያውቃል።

ተኩሱ ረገብ ሲል ተሸክመን ወደ መንገዱ አወረድነው። ያቺ የሩስያ የመስክ መኪናችን ከአንድ የገብስ ማሳ ዳር ቆማለች። ከቀረነው ውስጥ መሪ መያዝ የምችል እኔ ብቻ ስለነበርሁ ገባሁ። ቁልፉን አዞርሁ። ጭጭ! ደግሜ አዞርሁ። ጭጭ! ገፋናት፤ ወገባችን እስኪቆረጥ ገፋናት፤ ሞተሯ ወይ ፍንክች! ሌላ መኪና ላኩልን ብንል «መንገድ ላይ ነው» ይሉናል። የትኛው መንገድ ላይ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

መቶ አለቃችን በሬዲዮ ደብረ ታቦር ያለውን መካኒክ አስጠሩ።

«መብራቷ ይበራል?» አለ መካኒኩ።

«አይበራም።»

«ጥሩምባዋስ?»

«ምንም! ድርቅ ብላለች።»

«እንግዲያው ማሳው ነው። ማሳውን ሳትፈትሹ ቁልፉን እንዳትነኩ!»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና ጠፋ።

የመቶ አለቃ ፊት ተለዋወጠ። ቀደም ሲል በዚያው አካባቢ እርሻ ውስጥ ፈንጂ ተቀብሮ አግኝተናል። «ሰማችሁ? ገብሱ ውስጥ ፈንጂ አለ! ተበተኑና ፈትሹ!» አሉ።

ተበተንን። ሊታጨድ የደረሰ ገብስ ውስጥ በደረታችን እየተሳብን አፈሩን በሳንጃ እንወጋጋ ጀመር። ባለማሳው ሽማግሌ ከወዲያ ማዶ እየጮኹ መጡ።

«ኧረ በመድኃኔዓለም! ልጆቼ፣ ገብሱ ምን አደረጋችሁ?»

«ይራቁ አባቴ፣ ፈንጂ አለ!»

«ትናንት ስዞርበት የዋልሁት ማሳ ነው፤ የምን ፈንጂ ነው?»

አልሰማናቸውም። ብንሰማቸው ምን ነበረበት!

ገመቹ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ «እኔን እዚህ ጥላችሁ ገብስ ታርማላችሁ?» አለ። ሳቅን። አዎ፣ ሳቅን። ሁለተኛ ሲናገር ግን ድምፁ ቀጥኖ ነበር፤ «ውሃ» ነው ያለው።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ሬዲዮው ተመለሰ።

«ማሳውን ፈተሻችሁ?»

«ከዳር እስከ ዳር! ንጹሕ ነው!» አሉ መቶ አለቃ።

«ንጹሕ ከሆነ አጥብቁታ!»

«ምኑን?»

«ማሳውን!»

«አንተ ሰውዬ፣ ማሳ እንዴት ተደርጎ ነው የሚጠብቀው?»

«በቁልፍ ነዋ! በዐሥራ አራት ቁጥር የብሎን ቁልፍ!»

ሳንጃችንን እንደያዝን ተያየን። ለካ መካኒኮች ከባትሪው ተነሥቶ የመኪናዋ ብረት ላይ የሚታሰረውን ገመድ «ማሳ» ይሉታል! ከጣልያን የቀረ ቃል ነው አሉ። ይህን መስመር የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንደኛው ገመድ ከማብሪያው ተላቆ ተንጠልጥሏል፤ ብሎኑ የለም። መካኒኩ «ማብሪያውን ተዉት፤ ሁለቱን ገመዶች አንድ ላይ እሰሯቸው» አለ። አሰርኋቸው። ብልጭ አለ። መብራቱ በራ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ባንድ ጊዜ ተነሣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ መሪውን በቡጢ ነረትሁት። ለዚህች ነው? ለዚህች ሽቦ ነው ያን ሁሉ ጊዜ ገብስ ውስጥ የተንፏቀቅነው?

ነዳሁ። መቶ አለቃ የገመቹን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው «አይዞህ፣ ደረስን፣ አይዞህ» ይሉታል። የደብረ ታቦር ቆርቆሮ ጣሪያ መታየት ሲጀምር ማለታቸውን አቆሙ። ቀስ በል አላሉኝም፤ እኔም ፍጥነት አልቀነስሁም።

ሐኪሙ ደረቱን ዳሰሰውና «ገላው እኮ ገና አልቀዘቀዘም» አለ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለ። «እሰይ፣ ተነሣች!» አለ፣ መኪናዋን አይቶ። ምን ያድርግ፣ የሚያውቀውን ቃል ነው የተናገረው። መቶ አለቃም ቢሆኑ የሚያውቁትን ነው የሰሙት። ለዚህ ነው የምናደደው፤ የምቆጣው ሰው አጣሁ።

በዚያ ቀን አራት ሰው አጣን። ሁለቱን ጓዶች፣ ሾፌሩን፣ ገመቹን። የሦስቱን እናቶች ባገኛቸው «ጥይት ነው የገደላቸው» እላቸዋለሁ፤ እውነት ነው። የገመቹ እናት «ልጄ እንዴት ሞተ?» ብትለኝ ግን ምን ብዬ አስረዳታለሁ? እሷም ገበሬ ናት፤ ማሳ ብላት ያንኑ እርሻዋን ነው የምታየው።