ከአዲስ አበባ የቀረበችው ጆሃንስበርግ

ይህን ሚስቴ አታውቀውም፤ ቆቦ መስጊድ አጠገቤ የሚሰግደውም አያውቀውም። ላንተ የምነግርህ ስለማታውቀኝ ነው።

አክስቴን ዘሃራን ዋሽቻታለሁ። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝን፣ ከልጇ ከሰይድ ሳትለይ ያጎረሰችኝን ሴት ዋሽቻታለሁ።

ሰይድ ደቡብ አፍሪካ ልሂድ ብሎ ሲነሳ ደላላው በሞያሌ አውጥቶ፣ በጭነት መኪና ከአገር አገር እያሻገረ እንደሚያደርሰው ነገረን። እኛ ዘንድ ደግሞ እናት ሳትመርቅ መንገድ አይወጣም። አክስቴ "በረሃ ለበረሃ ለሚሄድ ልጅ ምርቃት የለኝም" ብላ ቁርጡን ነገረችው። ሰይድ አሳምንልኝ ብሎ ለመነኝ። እኔስ በልመናው ብቻ ነው የዋሸሁት? አይደለም። ሮቢት ዳር ያለው የማሽላ ማሳ የእሱ ነበር፤ እሱ ከሄደ የማርሰው እኔ ነኝ። ይህን አስቤዋለሁ።

ስልኬን አውጥቼ ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ ምን ያህል እንደሚርቅ ፈለግሁና አነበብኩላት። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ከምናምን። ኪሎ ሜትሩ ምንም አልመሰላትም፤ ሰዓቱን ግን ያዘች።

"አዲስ አበባ ለመድረስ አውቶብሱ ቀኑን ሙሉ ይፈጅ የለም እንዴ አህመዴ? ይኸማ ከአዲስ አበባ ይቀርባል!"

"አዎ እማ፣ ይቀርባል" አልኳት።

ጎረቤቱን ጠርታ ዱአ አስደረገች፤ እጇን ዘርግታ መረቀችው። ያነበብኩት ቁጥር እውነት ነበር። ሰይድ አውሮፕላን እንደማይሳፈር ግን አውቅ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አብሮት የሄደ የዋጃ ልጅ ደወለልኝ። በታሸገ መኪና ውስጥ ታፍኖ ሰይድ ሞቷል፤ መንገድ ዳር ቀብረውታል። ብነግራት "በአውሮፕላን አይደል እንዴ የሄደው?" ልትለኝ ነው። ስለዚህ "ደርሷል፣ ሥራ በዝቶበት ነው" አልኳት። ማሳውን አረስኩ።

ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ አክስቴ ቂም ያዘች። አዲስ አበባ ያሉት የጎረቤት ልጆች ለአረፋ ሲመጡ እያየች፣ "የኔው ከነሱ ቀርቦ ሳለ ምን ብበድለው ነው?" ትላለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሥጋዋን እበላለሁ።

እኛ አገር ሰው ሲያጣጥር ዘመድ ተሰብስቦ አውፍ፣ ይቅር ይባባላል። አክስቴም የሞት አልጋዋ ላይ ሆና ለሁሉም፣ ድንበር ለገፋባት ሰው ሳይቀር፣ አውፍ አለች። ሼኩ ጎንበስ ብለው፣ "ሰይድንስ ዘሃራ?" አሏት።

"እዚሁ ቅርብ ሆኖ ለናቀኝ ልጅ አውፍ አልልም።"

እጇ እጄ ውስጥ ነበር። ሞቷል እኮ ማለት ምን ያህል ከባድ ነው? አልወጣኝም። ዞር ብላ አየችኝና፣ "ልጅ ማለት አንተ ነህ" ብላ ለእኔ አውፍ አለችኝ። እንዲያ እንዳለች ሞተች።

ፈርቼ ነው አልልህም፤ ድህነት ነው፣ ደላላው ነው አልልህም። ሟች ልጅ ላይ የእናቱን ቅያሜ የጫንኩበት እኔ ነኝ። አንተንም አውፍ በለኝ ብዬ አልለምንህም፤ ያንተ አይደለም። የሚሉኝ ሁለቱ አፈር ውስጥ ናቸው፤ የአንደኛው አፈር ደግሞ የትኛው አገር እንደሆነ እንኳ አላውቅም።