ሞተሩ እየሠራ ለካው

ባለቤቴ ያችን መኪና የገዛው በጥሎሼ ወርቅ ነው። ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጎባ ላይ የሸጧት፣ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ፣ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የሌላት የቤት መኪና ነበረች። በእሷ ከጎባ ሮቤ ሰው ማመላለስ ሲጀምር፣ ሾፌር ከሆነበት፣ ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ እህል ከሚያደርሰው ኮንቮይ ወጣልኝ። ከዚያ መንገድ በተመለሰ ቁጥር፣ ያያቸውን የተቃጠሉ መኪኖች ይቆጥርልኝ ነበር። ስለዚህ መኪናዋን እወዳት ነበር፤ ወርቄ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ክረምት ከሮቤ ስትመጣ ዳገቱን እምቢ አለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ንቅንቅ አይልም። እየተንፏቀቀች እንደምንም ግቢያችን ገባች። የሮቤው ባለጋራዥ፣ አንድ ሽማግሌ፣ መጥተው የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዙና፣ “ዘይቱ ሙሉ ነው። ወላሂ፣ ውስጡ ተበልቷል። አውቶማቲክ ለእኛ አገር አይሆንም” አሉ። ቅዳሜ ጎትተው ለመለዋወጫ ሊወስዷት ተስማሙ። ባለቤቴም የድሮ አለቃው ዘንድ ሄዶ ሰኞ ለሚነሳው ኮንቮይ ስሙን አስመዘገበ። እኔ ከንዴቴም ከፍርሃቴም የተነሳ ዕቃ ስሰብር ሰነበትኩ።

አርብ ጠዋት ግቢ ስጠርግ፣ ከመኪናዋ ሥር ድንጋዩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። ወዲያው አወቅሁት። ፈረንጆቹ ለካምቢዮው ብለው የተዉልን ቀይ ዘይት ጓዳ ተቀምጦ፣ እኔ የበር ማጠፊያ እቀባበት ነበር።

“የሚያፈስ ነገር እንዴት ሙሉ ይሆናል?” አልኩት ባለቤቴን።

“ለክተነዋል እኮ!”

“ሞተሩ ጠፍቶ ነዋ! ሲሠራ ዘይቱን ወደ ላይ የሚስበው ቢሆንስ? አስነስተህ ለካው።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ቤንዚን በኩፖን ነው! በቆመ መኪና ላቃጥለው?”

እውነቱን ነው፤ ያኔ ጎባ ውስጥ ሞተር አስነስቶ የሚቆም አልነበረም። ሰው ሲያወርድ ያጠፋል፣ ሰላምታ ሲለዋወጥ ያጠፋል፤ ባሌ ውስጥ ደግሞ ሰላምታ መቼም አያጥርም። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም አልለቀቅኩም። ቁልፉን ከኪሱ መንጭቄ ራሴ አስነሳኋት። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቄ መለኪያውን ብመዘው፣ ደረቅ! እሱም ከእጄ ተቀብሎ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ከተተው። ያው ደረቅ ነው።

“ሙሉ ነው?” አልኩት። አልራራሁለትም።

ሞተሩን አጥፍቶ ከሥሯ ገባ። ከካምቢዮው ወደ ራዲያተር የሚሄደው ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ ኖሯል። አጠበቀው። ከዚያ ወረቀት ለማፍሰሻ ጠቅልለን፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ቀዩን ዘይት እየለካን ጨመርን።

ቅዳሜ ሽማግሌው የመጎተቻ ገመድ ይዘው መጡ።

“አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ አባባ? ገመዱን ኋላ ያስቀምጡና ይግቡ” አልኳቸው።

ሮቤ ወርደን አዞርናት። ዳገቱ ጋ ስንደርስ በሆዴ ማርያም ማርያም እላለሁ። እሷ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ ወጣችው። ሽማግሌው “አጃኢባ!” ብለው አፋቸውን ያዙ። እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ይደረግ!

ዳገቱ አናት ላይ ባለቤቴ አቁሞ ወረደ። ሞተሩን አላጠፋም። ኮፈኑን ከፍቶ፣ የኩፖን ቤንዚኑ እየነደደ፣ ቀስ ብሎ ለካ።

“ሙሉ ነው” አለኝ።

ሰኞ ኮንቮዩ ያለ እሱ ሄደ።